የወራሪ ዝርያዎች ቁጥጥር ምንድን ነው?

«አረሙ ተነቅሏል፤ የቁጥጥሩ ሥራም ተጠናቋል።» ይህን ዓይነት ዜና ስንት ጊዜ እንዳነበብሁ መቁጠር ትቻለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ነቀላን ከቁጥጥር ጋር አንድ ያደርጋል፤ ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ቁጥጥር ማለት ጎጂው መጤ ዝርያ እንዳይገባ መከላከል፣ ከገባ ሳይስፋፋ ደርሶ ማጥፋት፣ ከተስፋፋ ደግሞ ጉዳቱን ዝቅ አድርጎ እዚያው ማቆየት ነው። የነቀላ ዘመቻ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ መሣሪያ ነው፤ ያውም ዘግይቶ የሚመጣ።

ነገሩን እንደ ብድር እንየው። በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው እንቦጭ ሙቀትና የሚመገበውን ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይህ ወለዱ ነው። ዋናው ገንዘብ ያለው ከሥር፣ በደለሉ ውስጥ ነው፤ ዘሩ ሳይበቅል ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በውሃው ላይ የሚታየውን ጠርጎ የወጣ ሰው ወለድ ከፈለ እንጂ ዋናውን አልነካም። በዓመቱ «አረሙ አገረሸ» ሲባል የተቋረጠው ክፍያ ነው። አበዳሪም አለ፤ ከእርሻና ከከተማ እየታጠበ የሚገባው፣ አረሙን የሚመግበው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ። እርሱ ካልቀነሰ በአንድ እጅ እየከፈሉ በሌላው መበደር ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ ግን ዕዳውን ወደ ሀብት እንቀይረው ይላሉ፤ አረሙን ከሰል፣ መኖ፣ ባዮጋዝ ማድረግ። «ዘላቂ ልማት ማለት ይኸው ነው» ሲሉም ይደመድማሉ። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ የነቀላውን ወጪ በከፊል ሊሸፍን ይችላል። ነገር ግን ኑሮው በአረሙ ላይ የቆመ ሰው አረሙ እንዲያልቅ ለምን ይፈልጋል? ዕዳው እንዳይዘጋ የሚመኝ ከፋይ ፈጠርን ማለት ነው። በዚያ ላይ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ ለከሰል ከመሬት በላይ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ እንዳያንሠራራ ከአፈር በታች መቆረጥ አለበት። ፍሬውን እንዳለ የበሉ ከብቶችም ዘሩን በፋንድያቸው ይበትኑታል፤ ፈጭቶ መመገብ ሌላ ጉዳይ ነው። አስተያየት ሰጪው እነዚህን ዝርዝሮች አላነሡም፤ ዕቅዱ ተስፋ ሰጪ የመሰለውም ለዚህ ይመስለኛል።

በሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር፣ ማለትም ከአረሙ የትውልድ አገር በመጣ ጠላቱ፣ የማያቋርጥ ክፍያ መክፈል ይቻላል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተለቀቁት ነቀዞች እንቦጩን በእጅጉ እንዳዳከሙት ይታመናል። በዚህ መዳከም ውስጥ የ1997/98ቱ የኤልኒኞ አየር ጠባይ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን አሁንም ያከራክራል፤ ነቀዞቹን ብቻ የሚያመሰግን ጽሑፍ ስታነቡ ጥንቃቄ አድርጉ። ከሌላ አገር ነፍሳትና እንስሳት ማምጣትም ያለ ጥብቅ ምርመራ አይሞከርም። እ.ኤ.አ. በ1935 የሸንኮራ አገዳ ጢንዚዛ ያጠፋል ተብሎ ወደ አውስትራሊያ የገባው ጉርጥ ጢንዚዛውን ሳያጠፋ ራሱ ወራሪ ሆኖ ቀረ።

ከዘላቂ ልማት ጋር ያለው ግንኙነት በከሰሉ ሽያጭ አይለካም። የብዝኀ ሕይወት የመንግሥታት የሳይንስ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ ወራሪ መጤ ዝርያዎች በ2019 ብቻ ከ423 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስወጥተዋል። ከዚህ ውስጥ 92 በመቶው በተፈጥሮ ስጦታዎችና በሰው ኑሮ ላይ የደረሰ ጉዳት ሲሆን ለቁጥጥር የዋለው 8 በመቶ ነው። (ጉዳቱ ስላልተመዘገበባቸው አገሮች ቁጥሩ ዝምተኛ ነው፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ግምት አድርጋችሁ ውሰዱት።) አገሮች ስለ ብዝኀ ሕይወት የተስማሙበት የኩንሚንግ–ሞንትሪያል ማዕቀፍ 6ኛ ዒላማም እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ቢያንስ በ50 በመቶ እንዲቀንስ የሚጠይቀው የወራሪ ዝርያዎችን አዲስ መግባትና መደላደል ነው። የተነቀለው ሄክታር በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። በውስጡ የሚገባው የዘርና የችግኝ ኳራንቲን፣ የጭነት ፍተሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የመርከቦች ሚዛን ውሃ (መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ ጭነው በሌላ ወደብ የሚያፈሱት ውሃ) ስምምነት የሚያስገኙት ውጤት ነው።