ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የሚባለውና እውነታው

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአጭሩ መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ ሰዓቱ ግን የሸኚውም የተቀባዩም ሒሳብ አይገጥምም።

«ርቀቱ አንድ ስለሆነ ደርሶ መልሱም እኩል ነው»
ከደለስ ቦሌ ያለ ማረፍ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቦሌ ሲነሱ ግን መሃል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ስለሚታረፍ 16 ሰዓት ያልፋል። ማረፉ ባይኖር እንኳ ወደ አሜሪካ መሄዱ ይረዝማል፤ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሄያጁን ከፊት ይገፋዋል፣ መጪውን ከኋላ ያግዘዋል። «ምድር ስለምትሽከረከር ነው» የሚሉም አሉ። ምድር የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ነውና ነገሩ እንደሚሉት ቢሆን ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይፈጥን ነበር። አየሩም አብሯት ይዞራል።

«የሚያርፈው አውሮፕላኑ ያን ያህል መብረር ስለማይችል ነው»
ታዲያ ያው አውሮፕላን ሲመለስ እንዴት ሳያርፍ ይመጣል? ችግሩ የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት፣ ማለትም የበለጠ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲነሳ የሚሸከመው ክብደት ይገደባል። ነዳጁ ይሙላ ከተባለ ተሳፋሪና ሻንጣ ይቀነሳል። ሙሉ ሰው ጭኖ መንገድ ላይ መቅዳት ይሻላል። ለዓመታት ይታረፍባት የነበረችው የአየርላንዷ ደብሊን በርቀቱ ላይ የምትጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

«ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረው መንገድ አጭሩ ነው»
በማስመሪያ ከሄድን በቻድና በማሊ በኩል ነው የምናልፈው፤ መንገዱም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መስመር ወደ ሰሜን ጎብጦ በሱዳን፣ በሊቢያና በስፔን በኩል ያልፋል።

«ከመድረሻው መነሻውን መቀነስ ነው»
ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ደለስ የሚገባ በረራ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የፈጀ ይመስላል፤ በአሜሪካኖቹ በጋ የ7 ሰዓት ልዩነት ስላለ 16 ሰዓት ተኩል ነው። በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ይሆናል።

ይባስ ብሎ የእኛ አቆጣጠር አለ። «07:00 ይገባል» ሲባል ሰባት ሰዓት መስሎት ምሳውን በልቶ ቦሌ የሚሄድ ተቀባይ እንግዳውን በ6 ሰዓት ያረፍድበታል፤ 07:00 ማለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ለተጓዡ ደግሞ አደገኛው እኩለ ሌሊት ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00:30 ካለ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ስለዚህ ሻንጣ ይዞ ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላ ነው።