የካድ ፋይል አያያዝ በመሀል አዲስ አበባ የዲዛይን ቢሮዎች

የካድ ፋይል አያያዝ ማለት በኮምፒውተር የተሠራ ንድፍ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ተብሎ እንደሚሰየም፣ የትኛው ቅጂ ለሳይት እንደሚወጣ የሚወስን አሠራር ነው። ካዛንቺስ፣ ፒያሳ፣ ሜክሲኮና ልደታ አካባቢ ባሉ ቢሮዎች ይህ የየቀኑ ሥራ ነው። ተጽፎ ግን ብዙም አይገኝም። አዲስ ገቢ ባለሙያ የሚማረው አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ነው።

ከኮምፒውተር በፊት ንድፍ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በእጅ ይሣል፣ በብሉ ፕሪንት ይባዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተመሠረተው ሕንጻ ኮሌጅ ለዚህ ሙያ ትልቅ ባለውለታ ነው። ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች ለርዕስ ሳጥን፣ ማለትም የንድፉ ስምና ቀን ለሚጻፍበት የሉሁ ክፍል፣ እንዲሁም ለሉህ ቁጥር ያላቸው ጥንቃቄ ዛሬም ያስታውቃል። የካድ ፕሮግራሙ አውቶካድ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። አንዱን ንድፍ ሌላው ውስጥ እንደ ማጣቀሻ የመጥራት ዘዴ፣ ማለትም ኤክስሬፍ፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው 11ኛው እትም ነው።

የፎልደር አሰያየም ላይ የመጀመሪያው ችግር የሰው ስም ነው። ብዙ ቢሮ ፕሮጀክቱን በባለቤቱ ስም ይከፍታል፤ «የአቶ አበበ ጂ ፕላስ 4» ይባላል። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሦስት አቶ አበበ ይመጣሉ፣ አንዱ ደግሞ ሁለት ቦታ ይሠራል። የተሻለው ዓመትና ተራ ቁጥር አስቀድሞ፣ ቀጥሎ ክፍለ ከተማውን፣ በመጨረሻ የባለቤቱን ስም መጻፍ ነው። ከሥሩ አርክቴክቸራል፣ ስትራክቸራል፣ ኤሌክትሪካልና ሳኒተሪ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ለግንባታ ፈቃድ ሲገባም ንድፉ የሚደራጀው በዚሁ ስለሆነ ሥራ ያቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የእንግሊዞቹ የሥራ ደረጃ (ስታንዳርድ) ቢኤስ 1192 ፋይልን በአራት ደረጃ ይከፍላል፦ እየተሠራ ያለ፣ ለሌላው ሙያ የተጋራ፣ በይፋ የወጣ፣ መዝገብ የገባ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፉ ስታንዳርድ አይኤስኦ 19650ም ሐሳቡን ይዞ ቀጥሏል። ለትንሽ ቢሮ ሁሉም ላያስፈልግ ይችላል። ግን እየተሠራ ያለውንና የወጣውን መለየት ግዴታ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ስትራክቸራሉ ኮለን (ምሰሶ) ያስቀመጠው አርክቴክቱ ትናንት ባነሳው ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ገና ያላለቀ ፋይል በፍላሽ ወይም በቴሌግራም መሄዱ ነው።

ቀን ደግሞ እዚህ ከተማ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ስሙ ላይ «12-03-2016» የሚል ፋይል አለ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 2016 ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 22፣ 2023 ማለት ነው። በፈረንጅ ካነበቡት ማርች 12፣ 2016 ይሆናል፣ በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ደግሞ ዲሴምበር 3፣ 2016። ልዩነቱ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። «2018» የሚለው ቁጥር ይባስ፤ ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፣ እ.ኤ.አ. ሊሆን ይችላል፣ «በ2018 ፎርማት ሴቭ የተደረገ» ማለትም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ላይ ቢሮዎች አይስማሙም። ኮምፒውተሩ ራሱ በፈረንጅ ስለሚቆጥር ለፋይል ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. መጠቀም የሚሻል ይመስላል፣ ፋይሎቹም በጊዜያቸው ይሰለፋሉ። ርዕስ ሳጥኑ ላይ ግን «ዓ.ም.» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር መጻፉ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ለባለቤቱም ይቀላል።

ስለ ፎርማት ካነሳን፣ የአውቶካድ ፋይል አቀማመጥ የተቀየረው በ2000፣ 2004፣ 2007፣ 2010፣ 2013 እና 2018 እትሞች ነው። አሮጌው ፕሮግራም አዲሱን አይከፍትም። የመጣልዎት ፋይል የየትኛው እንደሆነ ካላወቁ በኖትፓድ ይክፈቱትና የመጀመሪያዎቹን ስድስት ምልክቶች ይዩ። ኤሲ1015 ከሆነ 2000፣ ኤሲ1027 ከሆነ 2013፣ ኤሲ1032 ከሆነ 2018 ነው። ሌላውን ዝባዝንኬ ሳይነኩ ዝም ብለው ይዝጉት፣ ሴቭ እንዳያደርጉት።

ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታን በቁጥር የሚያመለክተው መለኪያ፣ ሌላው ትልቅ ነገር ነው። ዓለምን በዞን ከፍሎ በሜትር በሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ በዩቲኤም፣ ከተማችን ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናት። መስቀል አደባባይ በምሥራቅ 473 ሺህ፣ በሰሜን 996 ሺህ ሜትር አካባቢ ይወድቃል። አርክቴክቱ ቁጥሩ ስለሚበዛበት ሳይቱን ጎትቶ ዜሮ ዜሮ ላይ ያመጣዋል። ከዚያ ቀያሹ ነጥብ ሲጠይቅ መመለሻ የለም። የሰርቬይ ፋይል ለብቻው ተቀምጦ ማንም ሊነካው አይገባም፤ ሕንፃው እሱን በኤክስሬፍ ይጥራ። ዳተሙም፣ ማለትም ቁጥሮቹ የተለኩበት መነሻ፣ በስሙ ይጻፍ። አሮጌው አዲንዳንና የጂፒኤሱ ደብሊውጂኤስ 84 እዚህ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ፣ ማለትም ሕንፃው ሌላ ሰው ይዞታ ላይ ይወጣል።

ፎንት በአጭሩ፦ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ርዕስ ሳጥን ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ይጻፍ። ማተሚያ ቤት ሲኬድም ፒዲኤፍ ይዞ መሄድ ነው። ካድ ፋይሉ ሄዶ የመስመር ውፍረትን የሚወስነው የሲቲቢ ፋይል ከቀረ ውፍረቱ ሁሉ ይበላሻል፣ ኤ1 ወረቀቱም ከንቱ ይቀራል። ካድ ፋይሉ ራሱ መላክ ካለበት ኢትራንስሚት የሚባለው ትእዛዝ ኤክስሬፉን፣ ፎንቱንና ሲቲቢውን አንድ ላይ ይጠቀልላል።

ቫይረስም አለ። ፎልደር ውስጥ ማንም ያላስገባው «አካድ» ወይም «አካድዶክ» የሚል የሊስፕ ፋይል (አውቶካድ ራሱ የሚያስኬደው የትእዛዝ ፋይል) ካዩ ይጠርጥሩ። ንድፍ በተከፈተ ቁጥር ራሱን ይገለብጣል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አውቶካድ በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጠው ጊዜያዊ ቅጂና የባክ ፋይሉ (ሴቭ ሲደረግ የሚቀረው የቀድሞው ቅጂ) ይደርሳሉ። እነሱ ግን ባክአፕ አይባሉም። ባክአፕ ማለት ከቢሮው ውጭ የተቀመጠ ሌላ ዲስክ ነው።

መዝገቡ ስንት ዓመት ይቆይ ለሚለው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻ ይሆናል። አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ለግንባታው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ያ ተቋራጩን የሚመለከት ቢሆንም ጥያቄ ሲነሳ ንድፉም መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ ቢያንስ ለዚያን ያህል ጊዜ የካድ ፋይሉ፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ስካን፣ የአዝ ቢልት ንድፉ (ሕንፃው በተጨባጭ እንደተሠራ የሚያሳየው) እና በስትራክቸር ስሌት ፕሮግራሙ በኤታብስ የተሠራው ሞዴል አብረው ይቀመጡ። ሞዴሉ ከዓመታት በኋላ የሚከፍተው ፕሮግራም ላይገኝ ስለሚችል የስሌት ሪፖርቱ በፒዲኤፍ ከጎኑ ይግባ።