ኤልኤልቪኤም-ሊንክ ምንድን ነው?

«ኤልኤልቪኤም-ሊንክ ስሕተት ሳያወጣ ካለፈ ፕሮግራሙ ተጠናቋል» የሚል ማብራሪያ ሰሞኑን ለሦስተኛ ጊዜ ስላነበብኩ ሳላርመው ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊውን ያሳሳተው ስሙ ይመስለኛል፤ «ሊንክ» ስለተባለ ብቻ መሣሪያው የሊንከርን፣ ማለትም የፕሮግራም ቁርጥራጮችን አገናኝቶ ሊሠራ የሚችል ፕሮግራም የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ሥራ የሚጨርስ አድርጎ ወስዶታል።

ኤልኤልቪኤም ከተባለው የኮምፓይለር መሥሪያ መሣሪያዎች ስብስብ አንዱ የሆነውና ከተርሚናል የሚታዘዘው ይህ መሣሪያ፣ ክላንግን የመሰለ ኮምፓይለር (የሲ ኮድን የሚተረጉም ፕሮግራም) ወደ ማሽን ኮድ ከመድረሱ በፊት ያመነጫቸውን የቢትኮድ ፋይሎች ተቀብሎ በአንድ የቢትኮድ ፋይል ያዋሕዳል። የሚገባውም የሚወጣውም መካከለኛ ኮድ ነው።

ባሕር ዳር ለምንኖር ሰዎች ነገሩን በታንኳ ማስረዳት ይቀላል። ከጣና ዳር የታጨደው ደንገል ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹም እርስ በርስ ይጠፈራሉ። ኤልኤልቪኤም-ሊንክ ሁለት ነዶ ወስዶ አንድ ትልቅ ነዶ የሚያስር እጅ ነው፤ ያ ነዶ የቱንም ያህል ቢተልቅ ገና ደንገል ነውና ሰው አይሻገርበትም። ታንኳ የሚሆነው ኤልኤልሲ የተባለው ሌላ መሣሪያ ወደ ማሽን ኮድ ቀይሮት፣ የሲስተሙ ሊንከር ደግሞ ከሲ ላይብረሪ (እንደ «ፕሪንትኤፍ» ያሉ ዝግጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ጋር ሲያገናኘው ነው። እርግጥ የታሰረ ነዶ ተፈትቶ እንደገና ሊለያይ ይችላል፤ በተዋሐደው ፋይል ውስጥ ግን በፋይሎቹ መካከል የነበረው ድንበር ይጠፋል።

ሁለት የሲ ፋይሎች አሉ እንበል፤ በአንደኛው «ድምር» የተባለ ፈንክሽን ተጽፏል፣ በሌላኛው «ሜይን» እርሱን ይጠራና ውጤቱን በ«ፕሪንትኤፍ» ያትማል። በሁለተኛው ፋይል ቢትኮድ ውስጥ ድምር የተመዘገበው «ዲክሌር» በሚል ቃል ነው፤ ስሙ ይታወቃል፣ አካሉ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱን አዋሕደን ውጤቱን በትልቁ ኤስ አማራጭ በሚነበብ ጽሑፍ ስናወጣው፣ ያ መስመር ጠፍቶ የድምር ሙሉ አካል «ዲፋይን» ከሚል ቃል ጋር ይገኛል። ፕሪንትኤፍ ግን እንደ ዲክሌር ይቀራል፣ መሣሪያውም ስለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የድምርን ስም በአንዱ ፋይል ላይ አሳስተን ብንጽፈው እንኳ እንዲሁ ዝም ይላል፤ ጉድለቱን የሚናገረው በመጨረሻ የሚመጣው ሊንከር ነው። ስለዚህ ያ ጸሐፊ እንደ ማረጋገጫ የቆጠረው ዝምታ ምንም አያረጋግጥም።

መሣሪያው የሚጮኸው ሁለት ፋይሎች አንድን ስም እያንዳንዳቸው በሙሉ አካል ሲያቀርቡ ነው። «ስታቲክ» የተባሉ፣ ማለትም በራሳቸው ፋይል ውስጥ ብቻ የሚታወቁ ፈንክሽኖች በስም ቢጋጩ ግን ለአንዱ ስም ቁጥር ቀጥሎለት ያልፋል።

«ማዋሐዱ ኮዱን ያፈጥነዋል» የሚለውም ትክክል አይደለም። ፈንክሽንን በጠሪው ውስጥ የመክተት ዓይነቱን ማሻሻያ የሚሠራው ኦፕት የተባለው ሌላ መሣሪያ ነው፤ ማዋሐዱ ኦፕት ፋይሎቹን እንደ አንድ እንዲያይ መንገድ ይከፍትለታል። ኤልኤልቪኤም እ.ኤ.አ. በ2000 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ጀምሮ ፕሮግራምን በሙሉ አንድ ላይ አይቶ መመርመር ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ነበር።

ከሌላ ሰው የመጣ ቢትኮድ ለሚያዋሕዱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ የኤልኤልቪኤም እትም አሮጌ ቢትኮድ ያነባል፤ አሮጌው የአዲሱን ለማንበቡ ግን ዋስትና የለም፤ በተለይ በ15ኛው እትም የፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ እሴት) አጻጻፍ በነባሪነት ስለተቀየረ። እኔ ምንጩ በእጄ ካለ ሁሉንም በአንድ እትም ክላንግ እንደገና ኮምፓይል አድርጌ ነው የማዋሕደው።