ቡሃቃ፣ ጀሪካንና ጣና፦ በባሕር ዳር ኑሮ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን

ባክቴሪያ፣ የእርሾ ፈንገስ፣ ሻጋታ፣ አሜባ ሁሉም ረቂቅ ተሕዋስያን ይባላሉ። ቫይረስም አብሯቸው ይቆጠራል። በቆዳችን፣ በአንጀታችን፣ በበር እጀታና በብር ኖት ላይ አሉ። አብዛኞቹ አይጎዱንም። የባሕር ዳር ሰው በየዕለቱ አብሯቸው የሚውለው ግን በተለይ ሊጥ፣ የመጠጥ ውሃና ሐይቁ ውስጥ ነው።

ከደጎቹ እንጀምር። እርሾ ማለት ከቦካ ሊጥ ላይ የሚቀዳው ቢጫ ውሃ ነው። ውስጡ የእርሾ ፈንገስና ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች አሉ። የሊጡን ስኳር እየበሉ ጋዝና አሲድ ያወጣሉ። ጋዙ አብሲት ከገባ በኋላ ሊጡን ኩፍ ያደርገዋል፤ ምጣድ ላይ ደግሞ የእንጀራውን ዓይን ያወጣል። አሲዱ ኮምጣጣውን ጣዕም ይሰጣል፤ ብዙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያም እንዳይራባ ያግዳል። ሌላም ጥቅም አለው። ጤፍ ውስጥ ብረቱን አንቆ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንስና ሰውነታችን ብረቱን በተሻለ ያገኛል። እርሾ ያለቀበት ቤት ከጎረቤት ይዋሳል። የአንድ ሰፈር ቡሃቃዎች ተሕዋስያናቸውን ሲዋዋሱ ኖረዋል ማለት ነው። ይህ ሁሌም ይገርመኛል።

ከተጋገረ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ምጣዱ እርሾውን ገድሎታል፤ እርጥቡ እንጀራ ሞሰብ ውስጥ በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል። የሻገተውን ቆርሶ ጥሎ ቀሪውን መብላት የተለመደ ነው። እኔ አልመክርም። ሻጋታ ላይ ላዩን ከሚታየው ነጥብ ስር ክሩን እየዘረጋ ነው የሚያድገው። አንዳንዱም ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። ድርቆሽ ቶሎ የማይሻግተው ተሕዋስያኑ ያለ ውሃ መራባት ስለማይችሉ ነው።

እርጎም የባክቴሪያ ሥራ ነው። ማለቢያውን በወይራ ማጠን ጠረኑን ከማሳመር አልፎ እቃው ላይ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ይቀንሳል። ጥሬው ወተት የከብት ነቀርሳ ወይም ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ካለበት ግን መርጋቱ ብቻውን አያስተማምንም። ወተቱን አፍልቶ፣ አብርዶ፣ በትንሽ እርጎ ማርጋት ይሻላል።

ወደ ጀሪካኑ እንምጣ። ውሃ ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ ወርዶ ቤት ውስጥ ሊበከል ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ውሃ ሲጠፋ በጀሪካንና በበርሜል ይጠራቀማል። የጀሪካኑ ውስጥ ሲነካ የሚያሟልጭ ከሆነ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሠሩት ሽፋን ነው። በርሜሉ ውስጥ የሚጠልቀው ጣሳ ደግሞ የእጅን ቆሻሻ ይዞ ይገባል። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያና ኮሌራ መንገዳቸው አንድ ነው፤ ከሰገራ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ውሃና ምግብ። ክሎሪን የታይፎይድና የኮሌራ ባክቴሪያን በደንብ ይገድላል። ጃርዲያና አሜባ ግን ጠንካራ ሽፋን ስላላቸው ይቋቋሙታል። ማፍላት ሁሉንም ይፈጃቸዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይበቃል፤ ብቻ ደህና አድርጎ ይንተክተክ።

ውሃ ሲያንስ ፊትም አይታጠብም። በአማራ ክልል ገጠር ዓይን የሚያጠፋው ትራኮማ በዚህ ላይ ነው የሚነግሠው። ባክቴሪያውን ከልጅ ወደ ልጅ የሚያመላልሱት እጅ፣ ጨርቅና ዝንብ ናቸው።

ጣና ሰፊ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከማሳው አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ይገባሉ። ከተማው ፍሳሹን ይጨምርበታል። በዚህ ቀለብ እምቦጭ ይወፍራል፤ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ሳያኖባክቴሪያም (እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ) ይራባል። ሲበዛ ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ ይመስላል። የሚያመርተው መርዝ ጉበት ይጎዳል። ከሁሉ የሚከፋው ይህ መርዝ በማፍላት አለመጥፋቱ ነው። አረንጓዴ ከለበሰ ውሃ መቅዳት አይገባም፤ ልጆችም ከብቶችም ይራቁ። ለእምቦጭ ስንት ዘመቻ ተወጣ! ይህኛው ግን ስሙም እምብዛም አይነሳም፤ ያሳዝነኛል።

ቢልሃርዝያ ትል ስለሆነ ከዚህ ወገን አይቆጠርም። ነገር ግን ዘጌን በመሳሰሉ ዳርቻዎች ዓሣ አጥማጁን፣ ልብስ አጣቢዋንና የሚዋኘውን ልጅ የሚይዘው እሱ ነው። ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ቆዳ በስቶ ይገባል።

ከሐይቁ በስተምሥራቅ በሊቦ ከምከምና በፎገራ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ገደማ ካላዛር ሲነሳ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ትኩሳት ነዋ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመም የሚገድል በሽታ ነው። ትኩሳት ዛሬም ያሳስታል። ስንቱ ሰው ነው ክሊኒክ ሄዶ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" ተብሎ የሚመለሰው! ሁለቱ ግን አይዛመዱም። አንዱ በውሃና በምግብ ይመጣል፣ ሌላው በቅማል። ለታይፎይድ የሚደረገው ዊዳልና ለታይፈስ የሚደረገው ዌል ፊሊክስ የተባሉት የደም ምርመራዎች የሚያዩት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው። ስለዚህ የዱሮ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያሰኝ ይችላል። በዚህ ውጤት ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የዋጠ ሰው ሕመሙ ሌላ ከሆነ አይድንም። መድኃኒቱ የአንጀቱን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጃል፤ የሚተርፉትም መድኃኒት የለመዱት ይሆናሉ። ደም ተወስዶ ባክቴሪያው ራሱ እንዲያድግ የሚደረግበት የካልቸር ምርመራ ቀናት ይፈጃል። ውጤቱ ግን ጀርሙን በስሙ ይጠራዋል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ያሳያል።