ድሬዳዋ፦ ባቡር የቆረቆራት ከተማ፣ ባህሏና መዝናኛዋ

ድሬዳዋ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በራሷ ቻርተር የምትተዳደር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 515 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሐረር ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዙሪያዋ ካለው ገጠር ጋር 341,834 ነዋሪዎች ተመዝግበውባታል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪውና ጉራጌው አብረው የሚኖሩባት ይህች ከተማ ለመዝናናትና ለእንግዳ ያላት ልብ ሰፊ ነው ሲባል ይሰማል። ይህ ጠባይ ግን እንዲሁ የመጣ ሳይሆን ከአመሠራረቷ የተገኘ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ከጅቡቲ የሚነሣው ሐዲድ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ሐረር ያለችው ተራራ ላይ በመሆኑ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከባድ ወጪ ይጠይቅ ነበርና መሐንዲሶቹ በቆላው ሜዳ በኩል ወሰዱት። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከዛሬዋ ድሬዳዋ ሥፍራ ሲደርስ አዲሱ ሰፈር «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የባቡሩ ኩባንያ በገንዘብ ችግር ስለወደቀ ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ለብዙ ዓመታት ድሬዳዋ የመንገዱ ማብቂያ ነበረች፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ወደ መሀል አገር ይጫን ነበር። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ ዐረቡም ነጋዴ ሱቁን የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ለባቡር ሥራ የመጣውም ሆነ ለንግድ የመጣው ሁሉም መጤ ስለነበር፣ ባለአገርና እንግዳ የሚባለው ልዩነት በከተማዋ ሥር ሊሰድድ አልቻለም።

ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ ነው። ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለው ከዚራ በፈረንሳይ መሐንዲሶች ፕላን የተሠራ በመሆኑ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ግራና ቀኛቸው በትልልቅ ዛፎች የተጠለሉ ናቸው። በስተ ምሥራቅ ያለው መጋላ ደግሞ ጠመዝማዛ መንገዶችና የተጠጋጉ ቤቶች የበዙበት፣ የቀፊራን ገበያ የያዘ የንግድ ሰፈር ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የማይታይበት አሸዋ ሲሆን፣ በከተማዋ ጠብታ ሳይወርድ በደጋው የጣለ ዝናብ ድንገት ሊሞላው ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው፣ ብዙዎችንም ቤት አልባ ያደረገው በዚህ ዐይነት ነበር። በድሬዳዋ ልብ ውስጥ ይህ ሐዘን እስከ ዛሬ አለ።

የቀድሞው ባቡር ጣቢያ በከዚራ በኩል ይገኛል። ነዋሪው ድርጅቱን በፈረንሳይኛ ስሙ ሸማንደፈር እያለ ሲጠራው ኖሯል። በግቢው ውስጥ ያሉት የጥገና ወርክሾፖች የተበላሸ ሎኮሞቲቭ የሚጠገንባቸው፣ የጎደለ መለዋወጫም እዚያው የሚቀረጽባቸው ነበሩ፤ በመላ አገሪቱ የሙያተኛ ትውልድ ያፈራ እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ መስመርና ከከተማው ወጣ ያለ አዲስ ጣቢያ ስላለው፣ አሮጌው ግቢ ከዕለት ኑሮ ወጥቷል። ከድሬዳዋ ቅርሶች ሁሉ ቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ይህ ግቢ ነው፤ ማሽኖቹ ከቦታቸው ከተነሡና የሠሩባቸው ሰዎች ካለፉ በኋላ ታሪኩን መልሶ ማቆም አይቻልም።

የከተማዋን የዕለት ውሎ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ሥራና ገበያ የሚደምቁት ጠዋት ሲሆን፣ ቀትር ላይ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሰዉም ጥላ ፍለጋ ወደ ቤቱ ይገባል። ጠዋት ከሚበሉት ሁሉ የሚታወቀው ፈጢራ ነው። ሠሪው ዘይት የተቀባውን ሊጥ በመዳፉ እየመታና በጣቶቹ እየሳበ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ያሳሳዋል፤ እንቁላሉን መሀሉ ላይ ካፈሰሰ በኋላ ጠርዙን በአራት ማዕዘን አጥፎ በሰፊው ምጣድ ላይ ይጥለዋል፤ ሲበስልም ቆራርጦ ማር ያፈስበታል። ፉል፣ ሳምቡሳ፣ ጣፋጮቹ ሙሸበክና ሐላዋም ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር ያለው የቆየ ንግድ ያመጣቸው ናቸው። ከቀትር በኋላ ከአወዳይ በኩል የሚመጣው ጫት ይደርስና በርጫው፣ ማለትም ጫት እየቃሙ መጫወቱ፣ ይጀመራል፤ ፍራሽ ላይ ተደግፎ፣ ሻይ ወይም ከቡና ገለባ የሚፈላው ሆጃ እየተጠጣ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ኳስና ስለ ሰፈር ጉዳይ ይወራል። የበርጫው ጉዳት፣ በተለይ በወጣቱ ጤናና የሥራ ሰዓት ላይ የሚያደርሰው፣ በነዋሪዎቹ ዘንድ ራሱ የሚያከራክር ነው፤ ያም ሆኖ ሽማግሌና ወጣት፣ ሀብታምና ድኻ አብረው የሚቀመጡበት ልማድ መሆኑ አይካድም። ማታ ነፋስ ሲነሣ ሰዉ ወደ ደጅ ይወጣል። በጨዋታው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀሉ መስማት የተለመደ ነው፤ «አቦ» እና «ዋርያ» ሳይባል የሚጀመር ወሬም ጥቂት ነው።

ከዚህ ቅልቅል ከወጡት ሰዎች ሁሉ ስሙ ገንኖ የሚነሣው አሊ ቢራ ነው። አሊ መሐመድ ሙሳ በድሬዳዋ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ በ1950ዎቹ በከተማዋ ከተመሠረተው አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ተቀላቀለ። በኦሮምኛ በአደባባይ ማዜም በማይበረታታበት በዚያ ዘመን የቡድኑ ዋና መድረክ የሠርግ ቤት ነበር። «ቢራ» የሚለው መጠሪያም ከመጀመሪያ ዘፈኑ የተወሰደ ነው። በኋላ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሠርቷል፤ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ አዚሟል፤ ይህም ያደገበትን ሰፈር ለሚያውቅ አያስገርምም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፎ በትውልድ ከተማው ተቀብሯል።

በእግር ኳስም ድሬዳዋ ትልቅ ስም አላት። ኮተን እየተባለ የሚታወቀው የጥጥ ፋብሪካው ክለብ በ1950ዎቹ በተደጋጋሚ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አምበል የነበረው ሉቻኖ ቫሳሎም ከተሰለፈባቸው ክለቦች አንዱ ይኸው ነው። በ1968 ዓ.ም. 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በኢትዮጵያ ሲካሄድ የሞሮኮ፣ የናይጄሪያ፣ የሱዳንና የዛየር ምድብ የተጫወተው በድሬዳዋ ስታዲየም ነበር። ሞሮኮ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሳ በአዲስ አበባ በተደረገው የመጨረሻ ዙር ዋንጫውን ወስዳለች።

በከተማዋ ዙሪያ ከሚጎበኙት ቦታዎች መካከል በስተ ደቡብ በኩል ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በገደል ላይ የሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ይጠቀሳል። ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ካስተዋወቁት ወዲህ የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች፣ እንዲሁም 40 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ የጥንት ሰዎች ፈጭተው ለቀለም ይጠቀሙበት የነበረ ቀይና ቢጫ አፈር ተገኝቶበታል። በለገ ኦዳ የከብቶችና የሰዎች ሥዕሎች በዐለት ላይ ይታያሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ራስ መኰንን ወዳሠሩት ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን በከተማዋ ያልፋል፤ በእነዚያ ቀናት ሆቴሎቹ ስለሚሞሉ መንገደኛ ማደሪያውን አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።