የጉዳት ካሳ ክስ ምንድን ነው? መቼስ ይቀርባል?

መኪና ገጭቶት እግሩ ለተሰበረ ሰው ጎረቤት የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ብዙውን ጊዜ «ጉዳዩን ፖሊስ ይዞታል፤ ጠብቅ» የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ብዙ ሰው ካሳውን የሚያጣው እንዲህ ሲጠብቅ ነው። ፖሊስ የያዘው የወንጀሉን ጉዳይ ነው። ያ ክርክር በዐቃቤ ሕግና በሾፌሩ መካከል የሚካሄድ ነው፤ ሾፌሩ ቢታሰርም ቢቀጣም የሆስፒታሉን ሂሳብ የሚከፍል፣ የቀረበትን የሥራ ገቢ የሚተካ የለም። ይህንን የሚያስከፍለው ተጎጂው ራሱ በፍትሐ ብሔር ችሎት የሚያቀርበው የጉዳት ካሳ ክስ ነው።

መሠረቱ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከቁጥር 2027 ጀምሮ እስከ 2161 ድረስ ያለው ክፍል «ከውል ውጪ ስለሚደርስ ኃላፊነት» ይደነግጋል። በአጭሩ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ምንም ውል ሳይኖር አንዱ በሌላው ላይ ጉዳት ቢያደርስ መቼና ምን ያህል እንደሚክስ የሚወስን ሕግ ነው። በመርህ ደረጃ ከሳሽ የተከሳሹን ጥፋት ማስረዳት አለበት። ጥፋት ባይኖርም ኃላፊነት የሚከተልባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፤ የእንስሳ ባለቤት፣ የሕንፃ ባለቤትና የተሽከርካሪ ባለቤት ከነዚህ መካከል ናቸው።

የተሽከርካሪው ድንጋጌ ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው የሚድነው። ከዚህ ሌላ፣ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ካሳየ ኃላፊነቱ ይቀርለታል ወይም ይቀነስለታል። ስለዚህ «ሾፌሩ ድሃ ነው፤ ከእሱ ምን ይገኛል?» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ተጎጂ የተመለከተው ያልሆነውን ሰው ነው። መታየት ያለበት በሊብሬው ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ወይም ድርጅት ነው። ሒሳብ ከፍሎ በተሳፈረበት መኪና ውስጥ የተጎዳ ሰው ደግሞ ከአጓጓዡ ጋር የውል ግንኙነት ስላለው ክርክሩ በሌላ ደንብ ይመራል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚታይ የራሱ መንገድ አለው።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። በቁጥር 2143 መሠረት ተጎጂው ክሱን ማቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። መስከረም 10 ቀን 2016 ዓ.ም. የተገጨ ሰው ከመስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በፊት መዝገብ መክፈት አለበት ማለት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ከዚህ የረዘመ የይርጋ ጊዜ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ከወሰነለት ረዥሙ ጊዜ ይሠራል። ይህ ግን መጨረሻ ላይ የሚያዝ ክርክር እንጂ አስቀድሞ የሚታመኑበት ነገር አይደለም፤ የትኛው የወንጀል አንቀጽ እንደሚሠራ ራሱ ሊያከራክር ይችላልና። ሁለት ዓመቱን ብቻ የሚቆጥር ሰው አይሳሳትም። ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አነሳሽነት አያነሳም፤ ተከሳሹ በመቃወሚያው ካላነሳው ያልፋል። ነገር ግን ጠበቃ ያቆመ ተከሳሽ ይህን ይረሳል ብሎ መገመት ሞኝነት ነው።

የወንጀሉን ውሳኔ መጠበቅ ለምን አያስፈልግም? ቁጥር 2149 ይመልሰዋል፦ የፍትሐ ብሔር ችሎት ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲወስን ተከሳሹ በወንጀል ነጻ መውጣቱ አያስገድደውም። ሾፌሩ በነጻ ቢሰናበትም የካሳው በር አይዘጋም። በወንጀሉ መዝገብ ላይ ካሳ እንዲወሰን መጠየቅንም ሕጉ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ካሳው ብዙ ስሌት የሚጠይቅ ከሆነ ራሱን የቻለ ክስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከፖሊስ ቀጥሎ ጊዜ የሚበላው ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ መነጋገር ነውር የለውም፤ ብዙ ጉዳይም በዚያው ያልቃል። ነገር ግን ሽምግልና መጀመሩ ብቻውን የይርጋውን ቆጠራ አያቆመውም፤ «በሚቀጥለው እሁድ እንጨርሰዋለን» እየተባለ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የባሰው አደጋ ደግሞ ፊርማው ነው። ተጎጂው ገና በጀሶ ውስጥ ሳለ ለመድኃኒት የሚሆን ጥቂት ሺህ ብር ይሰጠዋል፤ ከዚያ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ይቀርብለታል። ግጭትን በስምምነት ለመጨረስ የተፈረመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚቆጠር ነው። ጀሶው ተፈትቶ እግሩ አልታጠፍ ሲል ያ ወረቀት ከፊቱ ይቆማል። ሐኪም የጉዳቱን መጠን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ እንዲህ ያለውን ወረቀት መፈረም አይገባም።

ክሱ የሚረታው በማስረጃ ነው፤ የማስረጃው አብዛኛው ክፍል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኝ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋ ሪፖርትና የቦታው ንድፍ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ ያዩ ሰዎች ስምና ስልክ፣ የሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ ሁሉ መቀመጥ አለበት። ታክሲ ተኮናትሮ ወደ ሕክምና የተመላለሰ ሰው ወጪውን ቀን በቀን ቢጽፍ አይከፋም። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ትልቁ ሰነድ የሕክምና ቦርድ የሚሰጠው፣ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ የሚገልጸው ማስረጃ ነው።

መቶኛው ለምን አስፈለገ? ካሳው ያለፈውን ወጪ ብቻ ሳይሆን ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነውንም ጉዳት ስለሚጨምር ነው። በወር 9,000 ብር የሚያገኝ የ35 ዓመት ግንበኛ 30 በመቶ የመሥራት አቅሙን አጣ እንበል። የዓመት ገቢው 108,000 ብር ነው፤ ከዚህ የሚያጣው 32,400 ብር። እስከ 60 ዓመቱ በ25 ዓመት ሲባዛ 810,000 ብር ይሆናል። ይህ መነሻ እንጂ የተቆረጠ ፍርድ አይደለም። ጉዳቱን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ሆኖ በታየው ልክ፣ ይወስናል፤ ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበትም ይቀንሳል። ደመወዝተኛ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ያቀርባል። የቀን ሠራተኛ ግን ወረቀት ስለማይኖረው አሠሪውንና አብረውት የሚሠሩትን በምስክርነት መቁጠር ይኖርበታል። ሰው ሞቶ ከሆነ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች የቀረባቸውን መተዳደሪያ በራሳቸው ስም ይጠይቃሉ።

ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘንና ለሥቃይ፣ የሚከፈለው ካሳ ግን በሕጉ ላይ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ልጁን ለቀበረ አባት መስጠቱ ራሱ ያሳፍራል።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ተጎጂዎች ደግሞ የተቋቋመ ፈንድ አለ። መድኑ የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ጉዳት ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። የመድን ድርጅቱ የሰጠውን ገንዘብ እንደ ሙሉ ካሳ ቆጥሮ ወደ ቤቱ የሚገባ ተጎጂ ብዙ ነው።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ስሌት እንዳይመሩ። እዚያ ጊዜው እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ በሜሪላንድ ሦስት ዓመት ነው። በነዚህ ሁለት ግዛቶች ተጎጂው ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋፅኦ ካደረገ ካሳውን ጨርሶ ሊያጣ ይችላል፤ የእኛ ሕግ ግን መቀነስን ነው የመረጠው። ስለዚህ አደጋው ቦታ ላይ «ጥፋቱ የእኔም ነው» ማለት እዚያ ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ክሱ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ነው። በፌዴራል ደረጃ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርሰውን በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያየዋል። የክስ ማመልከቻው ጉዳቱ መቼ፣ የትና እንዴት እንደደረሰ፣ ተከሳሹ ለምን ኃላፊ እንደሆነና የሚጠየቀውን ገንዘብ በዝርዝር ይይዛል። የምስክሮችና የሰነዶች ዝርዝር አብሮ ይያያዛል። የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ ለተጎዳ ሰው ሊከብድ ይችላል። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ይህንኑ አስረድቶ በደሃ ደንብ ክስ እንዲከፍት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ተፈቅዶለታል። ጠበቃ መቅጠር ለማይችልም የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚያካሂዷቸው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፤ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ አንዳንዶቹም ችሎት ቆመው ይከራከራሉ።