«ልጁ አይቀመጥልንም»፦ በረጅሙ እረፍት ስለ ትንሽ ልጅና ስለ ቤት ጸሎት የሚደጋገሙ ስህተቶች

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሙቀቱ በበረታ ቁጥር ከክርስቲያን ወላጆች አንድ ዓይነት ምሬት ይሰማል። «የማታ ጸሎት አብረን ጀምረን ነበር፤ ልጁ ግን አይቀመጥልንም። ነፍስ እስኪያውቅ ድረስ ትተነዋል።» ይህን የሚሉት ግድ የለሾች ቢሆኑ ኖሮ ባልከፋ። የሚሉት ትጉዎቹ ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ሃያ ደቂቃ ጸጥ ብሎ ካልተቀመጠ መንፈሳዊ ነገር አይገባውም የሚለው አስተሳሰብ ፍጹም ስህተት ነው። ችግሩ ያለው ሰዓቱና ርዝመቱ ላይ ነው፤ ልጁ ምንም አላጠፋም።

የተለመደውን ምሽት እንየው። ልጁ ውጭ ሲሮጥ ስለዋለ የቀን እንቅልፉን አልተኛም። እራት ዘግይቷል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አባት መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቶ ሙሉ ምዕራፍ ማንበብ ይጀምራል። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ልጁ የምንጣፉን ጫፍ ይነጫል፤ ሰባተኛው ላይ ይንከባለላል፤ ዐሥረኛው ላይ ያለምክንያት ይስቃል። እናት ታፈጥበታለች፣ አባት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ልጁ ያለቅሳል። በዚያ ምሽት የተማረው ይህ መጽሐፍ ሲከፈት ሰው እንደሚቆጣ ብቻ ነው።

የደከመ አዋቂ ይፈዛል፤ የደከመ ትንሽ ልጅ ግን ይቅበጠበጣል። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለው ደግሞ ከ11 እስከ 14። እረፍት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸረሸረው ይህ ነው። ስለዚህ ጸሎቱን ከእራት በፊት አድርጉት፣ ወይም ገላውን ታጥቦ የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ ወዲያው። ጠቅላላው ከ5 ደቂቃ አይለፍ።

ቅደም ተከተሉ በየምሽቱ አንድ ይሁን። በመጀመሪያ የሚያውቀውን አንድ መዝሙር ቆሞ እያጨበጨበ ይዘምር። ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱሱ በእጃችሁ ተከፍቶ፣ ታሪኩን ከስምንት በማይበልጥ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ንገሩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። በመጨረሻም ልጁ ራሱ ሦስት ነገር ይበል፦ ዛሬ ያመሰገነበትን፣ ይቅርታ የሚጠይቅበትን፣ ለሌላ ሰው የሚለምነውን። አሜን። ከዚህ በላይ አትጨምሩ።

አንዱን ታሪክ ሳምንቱን ሙሉ ደጋግሙት። ወላጅ ይሰለቸዋል፤ ልጅ ግን በመደጋገም ነው የሚይዘው። ማርቆስ ምዕራፍ 4 ላይ ያለውን የማዕበሉን ታሪክ ውሰዱ። ኢየሱስ በታንኳዋ በስተኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል፤ ትራስ ደግሞ ልጁ የሚያውቀው ነገር ነው። ሁለት ሆናችሁ የአንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዛችሁ አናውጡ፤ ልጁ «ፀጥ በል» ሲል አንሶላውን ልቀቁት። በሦስተኛው ቀን ገና ሳትደርሱበት ቃሉን እሱ ይቀድማችኋል። ይህ ልጅ ተቀምጦ አያውቅም፤ ታሪኩን ግን ይዞታል።

የሚያበላሹት ነገሮች ይታወቃሉ። አንዱ እያንዳንዱን ታሪክ ወደ ተግሣጽ ማዞር ነው። ከሁሉ የከፋው ግን በጸሎት ውስጥ ልጁን መክሰስ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ እህቱን የመታውን ይህን ልጅ አንተ አስተካክለው» ሲባል የሚሰማ ልጅ፣ እግዚአብሔር ፊት የቀረበው ሊከሰስ እንደሆነ ነው የሚገባው። የምትገሥጹት ነገር ካለ ቀደም ብላችሁ ገሥጹት፣ ይጨረስ፤ ጸሎቱ ላይ አታምጡት። ጸሎትን ቅጣት ማድረግም («ሄደህ ጸልይ!») ያው ነው።

ዘዳግም 6፥7ን በደንብ ያነበበ ሰው ልጅን ማስቀመጥ የሚል ትእዛዝ አያገኝበትም። አራት ጊዜ ነው የሚጠቅሰው፦ በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ። ኢያሱ ምዕራፍ 4 ላይም ከዮርዳኖስ የወጡት 12 ድንጋዮች የቆሙት ልጆች አይተው «ምንድር ናቸው?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። ትምህርቱ ከልጁ ጥያቄ ነው የሚነሣው። እረፍት ደግሞ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚጠይቅበት ወቅት ነው፤ ጉንዳን ሲያይ፣ ጥላው ሲረዝም፣ የሞተች ወፍ ሲያገኝ። እዚያው ቆማችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር መልሱለት።

«እጁ ሥራ ላይ ከሆነ አይሰማም።» ይሰማል። ታሪኩን ስትነግሩት ወረቀትና ቀለም ስጡት።

«ቀኑ በፕሮግራም ካልተሞላ ልጁ ይበላሻል።» አይበላሽም። ሦስት ነገሮች ሰዓታቸውን ከጠበቁ ይበቃል፦ መነሻው፣ የቀን እንቅልፉ፣ መኝታው። በመካከል በየቀኑ በጠቅላላ 3 ሰዓት ያህል ይንቀሳቀስ፤ ስክሪን ከ2 ዓመት በታች ላለ አይሁን፣ እስከ 4 ዓመት ከ1 ሰዓት አይለፍ። ሥራም ስጡት፣ ግን እውነተኛ ሥራ። የሦስት ዓመት ልጅ ካልሲ ያጣምራል፣ ማንኪያ ይደረድራል፣ በግማሽ ሊትር ማንቆርቆሪያ ተክል ያጠጣል። እሱ የሠራውን ከኋላው እየተከተላችሁ ካስተካከላችሁት ግን በሳምንቱ ይተወዋል።

አሁን ሕይወት ወደሚያሳጣው ስህተት። «እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» ብሎ ልጅን ውኃ አጠገብ ጥሎ መሄድ እምነት አይደለም። ዘዳግም 22፥8 ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ ለጣራው መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሳያበጅ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ነው። ለትንሽ ልጅ መከታው ዓይናችሁና ክንዳችሁ ነው።

ብዙዎች የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል፣ ውኃ ያንቦጫርቃል ብለው ይጠብቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም፤ አፉ ውኃው ላይና ውኃው ሥር ስለሚመላለስ ለመጮኽ ትንፋሽ አያገኝም። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ ካጎነበሰ ራሱን መልሶ ማውጣት ያቅተዋል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃም ይበቃዋል። ስለዚህ ልጁ ውኃ ውስጥ ሳለ አንድ አዋቂ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ይሁን። ብዙ ሰው ባለበት ተራ ያዙ፤ «አሁን እኔ ነኝ» ተብሎ በአፍ ይነገር፣ ስልክ ይቀመጥ፣ በየ15 ደቂቃው ይቀያየር። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ አደጋ የሚደርሰው እያንዳንዱ ሌላው የሚያይ ስለሚመስለው ነው። በክንድ ላይ የሚታሰር በአየር የተሞላ ፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ አያድንም። ሲጨርሱ መታጠቢያውን ደፍታችሁ ገልብጡት።

«ለአምስት ደቂቃ ነው» ተብሎ ልጅ መኪና ውስጥ አይተውም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሊጨምር ይችላል፤ መስኮት በጥቂቱ መክፈት ብዙ አይለውጠውም።

«ሕፃኑ ሞቆታልና ውኃ ስጡት።» 6 ወር ላልሞላው ጡት ወይም የሕፃን ወተት ቶሎ ቶሎ እንጂ ውኃ አይሰጥም። የሕፃን ጋሪ ላይ ጨርቅ መጣልም አየሩን አፍኖ ውስጡን ያሞቀዋል።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም።» ያቃጥለዋል፤ ቀዩ በግልጽ ስለማይታይ ብቻ ነው የሚታለፈው።

የመጨረሻው «ይረብሻልና ቤተ ክርስቲያን አንወስደውም» የሚለው ነው። ማርቆስ 10፥14 ላይ ኢየሱስ የተቆጣው ሕፃናቱን ባመጡት ሳይሆን በከለከሉት ላይ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አብሉት፣ ሽንት ቤት ይግባ፣ ዐሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ከኋላ አትቀመጡ፤ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ የሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚያየው። ምን እንደሚመጣ በጆሮው ንገሩት፦ «አሁን ይዘመራል፤ ከዚያ ሁላችንም እንቆማለን።» ካለቀሰ ይዛችሁት ውጡ፣ ግን መሬት ላይ አውርዳችሁ አታጫውቱት፤ ማልቀስ ወደ ጨዋታ እንደሚያወጣ በአንድ ቀን ይማረዋል። እንዳቀፋችሁት ቁሙ፤ ሲረጋጋ ተመልሳችሁ ግቡ።